ላፕቶፑን ከቦርሳ አውጡት

እንደምን ዋላችሁ! የደሴም፣ የኮምቦልቻም፣ ከሐይቅ ድረስ የመጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሐይቅ ዳር አንድ አባት ቀርጬ ነበር። ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ እንባቸው መጣ። በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ጥርት ብለው ይታዩኛል። ማታ ቤት ገብቼ በላፕቶፕ ስከፍተው ከኋላቸው ያለው የበለስ እሾህ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የእሳቸው ዓይን ግን ደብዝዟል። ሌላ ቀን ተመልሼ ለመንኳቸው። እሺ ብለው አወሩልኝ። ያለቀሱባትን ቦታ ግን በፈገግታ አለፏት።

ያን ቀን ላፕቶፑ ከጎኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ከካሜራዋ ጋር ባገናኘው፣ እየቀረጽኩ በትልቁ ስክሪን ፎከሱን አይ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ብዙዎቻችሁ ኤችዲኤምአይ የሚባለውን የምስል ገመድ ከካሜራው ወደ ላፕቶፑ ሰክታችሁ ምንም አልመጣ ብሏችሁ ይሆናል። ላፕቶፑ አልተበላሸም። ላፕቶፕ ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ምስል የሚያወጣ ነው፤ የካሜራውም እንደዚያው። ሁለቱም ይልካሉ፣ የሚቀበል የለም። ስለዚህ መሃል ላይ ካፕቸር ካርድ የሚባል ዕቃ ያስፈልጋል። ከካሜራው ምስሉን ተቀብሎ በዩኤስቢ ለላፕቶፑ ያቀብላል። ፎከስና ፍሬም ለማየት ርካሹም ይበቃል። ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የካሜራችሁን ቀዳዳ እዩ፤ ሚኒም ማይክሮም የሚባሉ ትንንሽ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች አሉ። ማይክሮው ቶሎ ይሰበራል። ገመዱን ከትራይፖዱ እግር ጋር በፕላስተር እሰሩት፤ ሰው ቢረግጠው ቀዳዳው ይተርፋል።

ምስሉን ለማየት ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፣ ነፃ ነው። ከፍታችሁ ካፕቸር ካርዱን መምረጥ ብቻ ነው። የሰውየውን ሽፋሽፍት ፈልጉ። ካያችሁት ቅረጹ።

አንድ ነገር አደራ። ምስሉ ላፕቶፑ ላይ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ካሜራው ፊት አጨብጭቡ፣ ታዩታላችሁ። ለተቀመጠ ሰው ችግር የለውም። ሰርግ ላይ ጭፈራ እየተከተላችሁ ፎከስ ለመያዝ ግን አይሆንም፤ እዚያ የካሜራውን ስክሪን እዩ። ድምፅም ከካሜራው በጆሮ ማዳመጫ ስሙ።

ሌላው ፀሐይ ነው። ለፊልድ፣ ማለትም ለደጅ ቀረጻ፣ የተሠሩ ሞኒተሮች ብርሃናቸው 1,000 ኒትስና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ኒትስ የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው። የብዙ ላፕቶፖች ከ250 እስከ 400 ነው። የጦሳ ተራራ ፀሐይ ሲወጣ ስክሪኑ መስታወት ይሆናል፣ የራሳችሁን ፊት ነው የምታዩት። እኔ ካርቶን ቆርጬ ላፕቶፑን እከተዋለሁ፤ ከላይ ጋቢ አለብሰውና ራሴን አስገባለሁ። ጋቢው የላፕቶፑን የአየር መውጫ እንዳይዘጋው ብቻ ተጠንቀቁ። ምስሉ ጠቆረ ወይስ ፈካ የሚለውን ደግሞ በላፕቶፑ ስክሪን አትፍረዱ፤ የካሜራውን ሂስቶግራም፣ ማለትም የምስሉን ጨለማና ብርሃን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ፣ እዩ።

አሁን ካሜራውም ገመዱም እዚህ አለ። ከፊት ረድፍ አንድ ሰው መጥቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥልኝ። ሌሎቻችሁ ወደ ላፕቶፑ ቀረብ በሉ፤ ሽፋሽፍቱን መጀመሪያ ያየ ይንገረኝ።