ዶክትሬቱ ይቆይ ወይስ ብድሩ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝን ጉዳይ ላንሳ፦ የተማሪ ብድሬ እስኪሰረዝልኝ ልጠብቅ ወይስ ዶክትሬት ልጀምር?

ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ለትርፍ ባልተቋቋመ ሆስፒታል ሶሻል ወርከር ነኝ። ማስተርሴን የተማርኩት በፌዴራል ብድር ነው። አሜሪካ ያላችሁ ፒኤስኤልኤፍ (ለሕዝብ አገልግሎት ሠራተኞች የሚደረግ የብድር ስረዛ) ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ሕጉ በፈረንጆቹ 2007 ነው የወጣው። ለመንግሥት ወይም እንደኛ ላለ ድርጅት ሙሉ ጊዜ እየሠራ 120 ወርሃዊ ክፍያ የከፈለ ሰው የቀረው ዕዳ ይሰረዝለታል፤ የፌዴራል ግብርም አይጠየቅበትም። እኔ ከግማሽ አልፌያለሁ። በኮቪድ ጊዜ ክፍያ ቆሞ ሳለ ሥራ ላይ የነበርነው አምስት ሳንቲም ሳንከፍል ወራቱ ተቆጥረውልናል። እንዲህ ያለ ሲሳይ ሁለተኛ የሚመጣ አይመስለኝም።

አንዷ ጓደኛዬ «እቁብ ሊደርስሽ ሲል ጥለሽ መውጣት ነው» አለችኝ። እሱስ አይደለም። ክፍያው ተከታታይ መሆን የለበትም፤ አቋርጬ ብመለስ የተቆጠረልኝ አይጠፋም። ጣጣው ሌላ ነው። ቢያንስ የግማሽ ጊዜ ተማሪ ሆኜ እንደተመዘገብኩ ብድሩ በራሱ ዲፈርመንት (የክፍያ ማቆያ) ውስጥ ይገባል። አልከፍልም፤ ግን ወሩም አይቆጠርም፣ ወለዱ ደግሞ አያርፍም። «ዲፈርመንቱን አልፈልግም፣ እየከፈልኩ እቀጥላለሁ» ብሎ ማስቀረት ይቻላል። እሺ፣ አስቀረሁት እንበል። ሕጉ የሚጠይቀው በሳምንት 30 ሰዓት ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለዶክትሬት ተማሪ የሚሰጡት የረዳትነት ሥራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሰዓት አያልፍም። ሥራዬን ሳልለቅ ማታ ማታ ልማር ካልኩ ትምህርት ቤቱ ወጪዬን አይሸፍንልኝም፣ አዲስ ብድር ልወስድ ነው። አዲሱ ብድር ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል። ከአሮጌው ጋር ላዋህደው ብል ደግሞ የሁለቱ አማካይ ተወስዶ የደከምኩበት ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል።

እናቴ ይሄ ሁሉ አይገባትም። «ልጄ፣ ዶክተር እገሊት ሲሉሽ ሳልሰማ ልሙት?» ትለኛለች። ምን ይመለሳል!

ሚዛኑን የደፋብኝ ግን የሴቭ ነገር ነው። በዚያ የአከፋፈል ዕቅድ የተመዘገቡ ሰዎች በፈረንጆቹ 2024 ፍርድ ቤት ሲያግደው ክፍያቸው ቆመ፣ ወራታቸውም ሳይቆጠር ቀረ። ጥፋታቸው ምን ነበር? ምንም። የብድር ደንብ በየአስተዳደሩ ይለዋወጣል። ዶክትሬት ግን ዛሬም አለ፣ የዛሬ አምስት ዓመትም ይኖራል። ስለዚህ ዘንድሮ አላመለክትም። የአሠሪ ማረጋገጫ ቅጹን በየዓመቱ አስፈርሜ እያስገባሁ 120ውን እጨርሳለሁ።

ላጠናው የምፈልገው ነገር ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ባለፈው አንዲት እናት የጠዋቱንም የማታውንም ኪኒን አንድ ፌስታል ውስጥ ቀላቅለው ይዘው መጡ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ሲወጡ የተሰጣቸው ወረቀት ታጥፎ ቦርሳቸው ውስጥ ነው። ከአንዲት ነርስ ጋር ሆነን ፀሐይና ጨረቃ የተሳለበት፣ በአማርኛ የተጻፈ የመድኃኒት ሰሌዳ እየሠራን ነው። ፋርማሲ የምትሠሩ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ በተለይ «ከምግብ በፊት» የሚለው ላይ፣ ጾም ሲሆን ምን ብለን እንጻፍ?