በረመዳን ሂዱ

እንደምን አመሻችሁ፣ የጉዞ ወዳጆች።

ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ካላንደሩን ሲያገላብጥ ረመዳን ላይ ሲደርስ ይዘላል። «ምግብ ቤት ዝግ ነው፣ ሰዉ ይደክመዋል፣ መስጊዱም ለቱሪስት አይመችም» ይባላል። ይህን ምክር ከጓደኛም፣ ከጉዞ ወኪልም እሰማለሁ። እኔ ዛሬ ተቃራኒውን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ውብ መስጊድ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ በረመዳን ሂዱ። በሌላ ጊዜ የምታዩት ሕንፃውን ነው። በረመዳን ግን ሕንፃው የተሠራለትን ሥራ ሲሠራ ታዩታላችሁ።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ መስጊድ ላስረዳችሁ። ኢስታንቡል ያለው ሱለይማኒዬ ነው።

የሠራው ሲናን ነው፤ የኦቶማን፣ ማለትም የድሮዋ ቱርክ፣ ሱልጣኖች ዋና አርክቴክት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1550 ተጀምሮ በ1557 ተጠናቀቀ። ጉልላቱ ከወለሉ 53 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስፋቱም ከ26 ሜትር በላይ ነው። ቀን የሚገባ ቱሪስት እነዚህን ቁጥሮች ያነባል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይወጣል። አይፈረድበትም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ከዚህ በላይ የሚታይ ነገር የለም።

ማታ ሌላ ነው። ከኢፍጣር በኋላ ሰዉ ለማታው ሶላት ለኢሻና ከእሱ ቀጥሎ ለሚሰገደው የረመዳን ሶላት ለተራዊህ ይጎርፋል። ሽማግሌው በምርኩዝ፣ እናት ልጇን ይዛ፣ ወጣቱ ከሥራ እንደወጣ። ሲናን ድምፅ በደንብ እንዲዳረስ ብሎ ጉልላቱ ውስጥ ባዶ የሸክላ ዕቃዎች አስገብቷል። ይህን መጽሐፍ ላይ ማንበብ ይቻላል። የኢማሙ ቂርኣት፣ የቁርኣን ንባቡ፣ ያለ ጩኸት፣ ያለ ችኮላ መጨረሻው ሰልፍ ድረስ ሲደርስ መስማት ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ ሲወርድ ያ ሁሉ ምንጣፍ፣ ያ ሁሉ ክፍት ቦታ ለምን እንደተተወ ይገባችኋል። አውሮፓ ውስጥ ያሉ ትልልቅ ካቴድራሎች ወንበር አላቸው፣ ባዶም ሆነው ሙሉ ይመስላሉ። መስጊድ የሚሞላው በሰው ብቻ ነው።

ስለ ብርሃኑም ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን መብራቱ የዘይት ኩራዝ ነበር። በረመዳን ሌሊት ስንት ኩራዝ እንደሚበራ አስቡት። ጭሱ ግድግዳውንና ጽሑፉን ማጥቆር ነበረበት። ሲናን ግን የአየሩን አካሄድ አጥንቶ ጭሱ ከዋናው በር በላይ ወዳለች አንዲት ክፍል እንዲሳብ አደረገ። እዚያ የተጠራቀመው ጥላሸት ተሰብስቦ የጽሕፈት ቀለም ይሠራበት ነበር። ሰው ማታ ቁርኣን ሲያደምጥ ያበራው ኩራዝ ለጸሐፊ ቀለም ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ እውነት ለመናገር ልቤ ይሞቃል።

መብራቶቹ መሃል ደግሞ የሰጎን እንቁላል ተሰቅሏል። ሸረሪት እንዳያደራ ነው ይባላል። የሰጎን እንቁላል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስንት የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ፣ መስቀሉ ጫፍ ላይ አይተነዋል!

ሱለይማኒዬ ብቻውን አልተሠራም። ዙሪያውን ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታል፣ የሕዝብ መታጠቢያ ሐማም፣ ትልቅ ማዕድ ቤትም ነበሩት። ከማዕድ ቤቱ ድሃም ተማሪም መንገደኛም ይበላ ነበር። መንገደኛ የሚለውን ያዙልኝ። ለእንግዳ ማብላት በኋላ የመጣ የቱሪዝም መስተንግዶ አይደለም፤ ከመጀመሪያው የመስጊዱ ሥራ ነበር። ዛሬም በረመዳን ኢስታንቡል ውስጥ ማዘጋጃ ቤቶችና ደጋግ ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተው ያስፈጥራሉ። ሃይማኖታችሁን የሚጠይቅ የለም። ተቀመጡ ይሏችኋል፣ ትቀመጣላችሁ። ተምር፣ የምስር ሾርባ፣ ትኩስ ዳቦ። የረመዳን ዳቦ የሚባለው ክብ ነው፤ ኢፍጣር ሲቃረብ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰልፉ ይረዝማል።

አሁን ወደ ሱልጣን አሕመድ ልውሰዳችሁ፤ ብዙ ሰው ሰማያዊው መስጊድ የሚለው። በ1609 ተጀምሮ ከ7 ዓመት በኋላ ለአገልግሎት ደረሰ። ስድስት ሚናራ አለው። ውስጡ በኢዝኒክ ከተማ የተሠራ ከ20,000 በላይ ሰድር ተለብጧል። ቀን ግቡና ሰድሩን እዩ፣ ይገባዋል። ማታ ግን ውጭ ቆማችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። በሚናራዎቹ መካከል ገመድ ተወጥሮ በመብራት የተጻፈ ጽሑፍ ታያላችሁ። ማህያ ይሉታል። አምፖል ሳይመጣ በፊት የዘይት ኩራዝ በገመድ እየተሰቀለ፣ ነፋስ ሲያጠፋው እንደገና እየተለኮሰ፣ ፊደል በፊደል ይጻፍ ነበር። ይህን የሚያውቁ ባለሙያዎች ሥራውን ከአባት ወደ ልጅ ያወርሱት ነበር። ገመድ ለመወጠር ቢያንስ ሁለት ሚናራ ያስፈልጋል። በኦቶማን ዘመን ደግሞ ከአንድ በላይ ሚናራ የሚፈቀደው በሱልጣኑ ቤተሰብ ስም ለተሠራ መስጊድ ነበር። ስለዚህ ማህያ የምታዩት ትልልቆቹ ላይ ነው። ከመስጊዱ ፊት ያለው አደባባይ በቤተሰብ ይሞላል። ሰው ምግቡን ከቤት ይዞ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። አዛን እስኪል ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔ ይህን ጥበቃ ከማንኛውም ሙዚየም አስበልጣለሁ።

ሀጊያ ሶፊያ ቅርብ ነው፣ ግን ብዙ አልቆይበትም። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የውጭ ጎብኚ በክፍያ የላይኛውን ፎቅ ነው የሚያየው። ጊዜ ካጠራችሁ ሩስተም ፓሻን እመርጥላችኋለሁ። ከቅመም ገበያው አጠገብ፣ ከሱቆች በላይ ፎቅ ላይ የተቀመጠ ትንሽ መስጊድ ነው። የሱቆቹ ኪራይ መስጊዱን እንዲደግፍ ታስቦ ነው እንዲህ የተሠራው። ሰድሩ ከሱልጣን አሕመድ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ካይሮን በአጭሩ። ኢብን ቱሉን በ879 ያለቀ ነው፤ በጡብ የተሠራ፣ ግቢው ሜዳ የሚያክል፣ ደረጃው በውጭ የሚዞር ሚናራ ያለው። መስጊድም የትምህርት ማዕከልም የሆነው አል-አዝሃር ግን ከረመዳን ጋር ልዩ ዝምድና አለው። የመጀመሪያው የጁምዓ ሶላት የተሰገደበት በ972 በረመዳን ወር ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በየምሽቱ በሺዎች ለሚቆጠሩ የውጭ አገር ተማሪዎች ግቢው ውስጥ ኢፍጣር ይዘረጋል። እዚያ ግቢ ስትቆሙ አንድ ነገር አስቡ። አል-አዝሃር ውስጥ ተማሪዎች እንደየአገራቸው ማደሪያ ነበራቸው፤ አንዱ የጀበርቲዎች፣ ማለትም የአካባቢያችን ሙስሊሞች፣ ነበር። ከእኛ አካባቢ በእግርም በመርከብም የሄዱ ልጆች በዚያ ግቢ ተምረዋል፣ ጾመዋል፣ አፍጥረዋል። የናፖሊዮንን ወረራ በዓይኑ አይቶ የጻፈው ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ አብዱራህማን አል-ጀበርቲም ዘሩ ከዚያው ነው። ስለዚህ ካይሮ ስትሄዱ ባዕድ አገር የሄዳችሁ አይምሰላችሁ።

«ጾም ላይ ሆኜ እንዴት እጓዛለሁ?» ለምትሉ። ሙስሊም ከሆናችሁ መንገደኛ ማፍጠር እንደሚችልና በሌላ ቀን ቀዳ እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ። በቁርኣን የተሰጠ ፈቃድ ነው፤ ራሳችሁን አታስጨንቁ። መጾም ለምትፈልጉ ደግሞ ወቅቱ ደግ ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀድሞ ስለሚመጣ አሁን የሚውለው በክረምታቸው ማብቂያ ነው። ኢስታንቡል ላይ በሰኔ ቢሆን ከ17 ሰዓት በላይ ትጾሙ ነበር። አሁን ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች።

ኦርቶዶክስ የሆናችሁም ብትሄዱ አትቸገሩም። በእኛ አቆጣጠር በ2017ም በ2018ም ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። ሁዳዴ የያዘ ሰው ቀን የማይበላበት ከተማ ውስጥ ከማንም በተሻለ ይስማማዋል። ምስር ሾርባው ቅቤ እንዳለበት ብቻ ጠይቁ። ሳትጾሙ የምትሄዱም ካላችሁ ሆቴላችሁ ቁርስ ይሰጣል፣ ቱሪስት በሚበዛበት ሰፈርም ምግብ አይጠፋም። መንገድ ላይ፣ በተለይ መስጊድ በር ላይ አትብሉ፣ ውሃም አትጠጡ። ይህን ለእናንተ መንገር እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ጾመኛ ጎረቤት ያለው ሰው ያውቀዋል።

የመግባቱን ነገር ግን ልበል። በአምስቱ የሶላት ሰዓቶች ትልልቆቹ መስጊዶች ለጎብኚ ይዘጋሉ። ዓርብ ደግሞ ጠዋቱን እርሱት። ሙስሊም ያልሆነ ሰው በተራዊህ ጊዜ ውጭኛው ግቢ ውስጥ መቀመጥ ይችላል፣ ድምፁም እዚያ ድረስ ይሰማል። ነጠላ ያላት እህት ሻሽ መዋስ አያስፈልጋትም፤ የራሷን ነጠላ ትከናነብ። ለጫማችሁ ፌስታል ያዙ። ከሚሰግድ ሰው ፊት አትለፉ። በዱዓ ላይ ያለን ሰው ፊት በካሜራ አትያዙ። ይሄ በጣም ያስቆጣኛል። ሰው ከፈጣሪው ጋር ሲነጋገር የእኛ ፎቶ ማድመቂያ መሆን የለበትም።

አቡ ዳቢ ዘመድ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። የሼክ ዛይድ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተ ነጭ እብነ በረድ ነው፤ 82 ጉልላት አለው። መግቢያው ነፃ ነው፣ በኢንተርኔት ቦታ መያዝ ግን ያስፈልጋል። በረመዳን በየምሽቱ ብዙ ሺህ ሠራተኞች እዚያ ያፈጥራሉ። ኤምሬትስ ውስጥ ለዓመታት ሠርታ መስጊዱን ከታክሲ መስኮት ብቻ ያየች እህት ካለቻችሁ፣ ስትሄዱ ከአሠሪዋ ፈቃድ አስወጥታችሁ ይዛችኋት ሂዱ። ጉዞውን ለብቻ አትጨርሱት።

ደግሞ ፓስፖርት የማያስፈልገው አለ። 82 ጉልላት በአንድ መስጊድ አልኳችሁ። ሐረር ጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፣ ግማሽ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በማይሞላ ግንብ ውስጥ! ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመዘግባት ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያሉ መሆናቸውን ጽፏል። አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ከአንድ አጥር ጀርባ፣ ከአንድ ጠባብ መንገድ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ካልተነገራችሁ ታልፏቸዋላችሁ። እኔ ሱለይማኒዬን የምወደውን ያህል እነዚህን ኖራ የተቀቡ መስጊዶች እወዳለሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት መስጊድ ውስጥ ተራዊህ ሌላ ጣዕም አለው። ከመግባታችሁ በፊት የአካባቢ አስጎብኚ ያዙ። እንግዳ የሚቀበል ቤትም እሱ ያውቃል።

መቼ ልሂድ ላላችሁ፣ እኔ ሁለተኛውን ሳምንት እመርጣለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰዉ ጾሙን የሚለማመድበት ነው። የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች በጣም ያምራሉ፤ በ27ኛው ሌሊት መስጊዶቹ እስከ ግቢያቸው ይሞላሉ። ግን ዒድ ሲቃረብ አውቶቡሱም አውሮፕላኑም ወደ ቤተሰቡ በሚሄድ ሰው ይያዛል፣ ዋጋም ይጨምራል። ለዚያ ሰሞን ካሰባችሁ ትኬታችሁን ከአሁኑ ቁረጡ።

ቀረ የምትሉት ካለ ጠይቁኝ፣ አልቸኩልም። አመሰግናለሁ።