መብራቱ ጠፋ ወይስ ተሰራ?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ፣ የማወራው ደሞ ስለ መኪና ነው። መኪና ምናምን አይመቸኝም የምትሉ ግን እባካችሁ አትዝጉት፣ ምክንያቱም ቤተሰቡን ጭኖ መንገድ የሚወጣ ሰው ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ነገር ነው ብዬ ስለማምን ነው ማይክ የከፈትኩት።

ጉዳዩ የኤርባግ፣ ግጭት ሲመጣ በቅጽበት ተነፍቶ ሰውን የሚይዘው ከረጢት፣ መብራት ነው። ያቺ ዳሽቦርድ ላይ ያለችው፣ የተቀመጠ ሰውና ከፊቱ ክብ ነገር የሚታይባት ቀይ ምልክት። የኛ መኪና ኤስዩቪ ነው፣ ሶስት ረድፍ ወንበር ያለው፣ ልጆቹም ዕቃውም ሁሉም ነገር እሱ ላይ ነው የሚጫነው፣ እና ይቺ መብራት ትበራለች፣ ትጠፋለች፣ መኪናው ጋራዥ ይገባል፣ ተስተካክሏል ተብሎ ይወጣል፣ ትንሽ ሰንብታ ደሞ ትበራለች። እንደዚህ ስትመላለስብን ብዙ ቆየች። ከሁሉም የከበደኝ ብልሽቱ አይደለም፣ መመላለሱ ነው። አንዴ በርታ ብትቀር ሰው ይቆርጣል አይደል፣ መኪናውን አቁሞ ያሰራል። መጥታ ስትሄድ ግን ሰው ተስፋ ያደርጋል፣ "በቃ ለቀቀው" ይላል፣ በጠፋች ቀን ልጆቹን ጭኖ ይወጣል። እኔ ስለዚ ነገር ሳስብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ መብራቷ ምን እንደምትል እንግባባ። ሞተር ስታስነሱ ለጥቂት ሰከንድ በርታ መጥፋት አለባት። በዛች ጊዜ የኤርባጉ ኮምፒውተር እያንዳንዱን መስመር እየፈተሸ ነው፣ የመሪው ኤርባግ፣ የተሳፋሪው፣ የጎኑ፣ ቀበቶዎቹ፣ የግጭት ሴንሰሮቹ፣ ሁሉንም። ሁሉም ደህና ከሆነ ትጠፋለች፣ አንዱ መስመር ላይ ያገኘው ነገር ካላማረው በርታ ትቀራለች። ደሞ መኪናው እየሄደም መፈተሹን አያቆምም፣ መሀል መንገድ ላይ ድንገት የምትበራውም ለዛ ነው። ብዙ ሰው ስትበራ የሚፈራው ኤርባጉ ድንገት ይፈነዳብኛል ብሎ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሊፈራ የሚገባው የዚህ ተቃራኒ ነው፣ ግጭት ሲመጣ አለመከፈቱ። እንደ መኪናው ይለያያል፣ አንዳንዱ ችግር ያለበትን መስመር ብቻ ያቋርጣል፣ አንዳንዱ ጠቅላላ ሲስተሙን ሊዘጋው ይችላል፣ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ የትኛው እንደሆነ ማወቅ የሚችል ሰው ግን የለም። ስለዚ መብራቷ ከበራች ኤርባግ የለኝም ብሎ መነሳት ነው ያለው።

እና ኤርባግ ስል ከመሪው የሚወጣውን ከረጢት ብቻ አይደለም። ግጭት ሲመጣ ቀበቶውን በቅጽበት ስብ አድርጎ ሰውነታችሁን ከወንበሩ ጋ የሚያጣብቀው መሳሪያም፣ ፕሪቴንሽነር የሚሉት፣ የሚታዘዘው ከዛው ኮምፒውተር ነው። ኤስዩቪ ላይ ደሞ ተጨማሪ ነገር አለ፣ መኪናው ከፍ ያለ ስለሆነ የመገልበጥ አደጋው ከአውቶሞቢል ይበልጣል፣ ለዛ ብለው ብዙዎቹ ላይ ከጣሪያው ጠርዝ መስኮቱን ሸፍኖ የሚወርድ የመጋረጃ ኤርባግ ይገጥሙላቸዋል፣ ይሄኛው መኪናው ሲንከባለል እንዲያገለግል ተብሎ ለጥቂት ሰከንድ እንደተነፋ ይቆያል። የፊተኛው ግን ይነፋል ወዲያው ይተነፍሳል። ሙሉ በሙሉ ለመነፋት የሚወስድበት ጊዜ 30 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው፣ ዓይናችሁን አርገብግባችሁ ሳትጨርሱ አልቋል ማለት ነው። ታድያ እንደዚህ ፈጥኖ የሚሰራ ነገር ላይ "ምናልባት ሽቦው ይነካ ይሆናል" የሚባል ነገር እንዴት ይኖራል?

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ እኔን በጣም የነካኝ። ጆን ሄትሪክ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በፈረንጆቹ 1952 ሚስቱንና ትንሽ ልጃቸውን ይዞ እየነዳ፣ መንገድ ላይ ድንጋይ አጋጠመው፣ እሱን ለማምለጥ መሪውን ጠምዝዞ ቦይ ውስጥ ገባ። ፍሬን ሲይዝ እሱም ሚስቱም በአንድ ላይ እጃቸውን ዘረጉ፣ መሀላቸው የተቀመጠችው ልጅ ፊቷ ዳሽቦርዱ ላይ እንዳይመታ። ማንም አልተጎዳም፣ ግን ቤት ከገባ በኋላ ሲያስብ አደረ፣ ከእጃችን የተሻለ ልጄን የሚይዝ ነገር ለምን አይኖርም ብሎ። በ1953 ለመኪና የአየር ትራስ የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት ተሰጠው። ሀሳቡ በየመኪናው እስኪገባ ግን አስርት ዓመታት ፈጀ፣ አሜሪካ ውስጥ እንኳን ለሹፌርም ለተሳፋሪም በሕግ ግዴታ የሆነው ለአውቶሞቢል ከ1998 ሞዴል፣ ለኤስዩቪና መሰል መኪኖች ከ1999 ሞዴል ጀምሮ ነው። የሀገሪቱ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት እስከ 2017 ባለው ግምት የፊት ኤርባግ ብቻ ከ50,000 ሰው በላይ አትርፏል። እኔ ግን ከቁጥሩ በላይ የሚታየኝ ያ የተዘረጋ እጅ ነው፣ ወላጅ የሆናችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፣ ፍሬን ስትይዙ እጃችሁ ራሱ ወደ ልጁ ይሄዳል።

ወደ ኛ መኪና ልመለስ። መጀመሪያ የገባበት ጋራዥ ያደረገው ምን መሰላችሁ፣ ስካነር ሰካ፣ ኮዱን፣ ኮምፒውተሩ ብልሽቱን የመዘገበበትን ቁጥር ማለት ነው፣ አጠፋ፣ መብራቷ ጠፋች፣ ጨርሰናል አለ። ምን ነበር ስል "ሴንሰር ነው፣ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል"። ይሄ መልስ አይደለም። ኮድ ማጥፋት ማለት ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ማስረጃ መሰረዝ ነው፣ ሽቦው ግን እዛው እንዳለ ነው፣ በዛ ላይ ቀጥሎ የሚያየው ባለሙያ የሚነሳበት ነገር አሳጣችሁት ማለት ነው። እዚህ ላይ በጣም ነው የምቆጣው፣ ይቅርታ፣ ግን የሰው ልጅ የሚቀመጥበት መኪና ነው።

በኋላ ያገኘናቸው ኤሌክትሪሺያን ትልቅ ሰው ናቸው፣ መሳሪያ ከማንሳታቸው በፊት ጥያቄ ነው የጀመሩት። መቼ ነው የምትበራው? ስትታጠፉ ነው? ወንበር ስታንቀሳቅሱ ነው? ዝናብ ነበር? ባለቤቴ ናት የመለሰችላቸው፣ እሷ የተሳፋሪውን ወንበር ወደፊት ስባ ልጆቹን ከኋላ ስታስገባ ነበር የምትበራው፣ ልብ ብላ ነበር። ሰውየው ፊታቸው በራ። ከወንበሩ ስር አጎንብሰው አንድ ቢጫ ኮኔክተር፣ የሽቦ መጋጠሚያ ማለት ነው፣ አሳዩን። ይሄን እወቁት፣ በብዙ መኪና የኤርባግ ሽቦና ኮኔክተር ቢጫ ቀለም ነው፣ ማንም ዝም ብሎ እንዳይነካው ለመለየት። ከወንበር ስር የሚያልፈው ደሞ ወንበሩ በተንሸራተተ ቁጥር ይሳባል፣ ይታጠፋል፣ የልጆች መጫወቻ ይገፋዋል፣ ውሃ ይፈስበታል። ኮኔክተሩ ውስጥ ካሉት ትንንሽ የብረት ሚስማሮች አንዱ ላላ ካለ ወይ ዝገት ነገር ከያዘ ያው በቃ። ኤርባጉን የሚያስነሳው ማቀጣጠያ መደበኛ ሬዚስታንስ፣ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚቋቋምበት መጠን፣ 2 ኦም አካባቢ ነው፣ በጣም ትንሽ ነው፣ ስለዚ ዝገት የሚጨምረው ጥቂት ነገር እንኳን ለኮምፒውተሩ ትልቅ ሆኖ ይታየዋል። ደሞ የሚገርመው ብዙዎቹ ኮኔክተሮች ውስጥ ትንሽ የብረት ድልድይ አለች፣ ኮኔክተሩ ሲነቀል ሁለቱን ሚስማሮች ታገናኛቸዋለች፣ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ኤርባጉ እንዳይፈነዳ ተብላ የተሰራች። ኮኔክተሩ ጠቅ ብሎ ካልተቆለፈ ታድያ ያቺ ድልድይ ሳትለቅ ትቀራለች፣ ኮምፒውተሩም ሾርት አለ፣ ሽቦና ሽቦ ተነካክቷል ብሎ መብራቱን ያበራል። አያችሁ፣ ሁለቱም መንገድ ወደ አንዲት ቀይ መብራት ነው የሚያመጣው። ኮኔክተሩ ተቀየረ፣ ሽቦው ወንበሩ እንዳይስበው ተደርጎ ታሰረ።

ከዛ ሰላም ሆነ፣ ቆየ፣ ከዛ ደሞ በራች። ባለቤቴ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ሰውየው ግን ኮዱን አትመው ሰጥተውን ስለነበር አዲሱን ከአሮጌው ጋ አስተያየነው፣ ሌላ ነው፣ የሹፌሩ ኤርባግ መስመር ነው። ምልክት ደሞ ነበረው፣ ክላክሱ አንዳንዴ እምቢ ይል ጀምሯል፣ መሪው ላይ ያሉት የድምጽ ቁልፎችም መሪው ሲዞር ይሞታሉ። መሪው ውስጥ ክሎክ ስፕሪንግ የሚባል ነገር አለ፣ የተጠቀለለ ስስ ኬብል ነው፣ መሪው ሲዞር አብሮ ይጠቀለላል ይፈታል፣ የኤርባጉንም የክላክሱንም ኤሌክትሪክ የሚያሻግረው እሱ ነው። ዓመት በዓመት ሲዞር ኖሮ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ መሪው ቀጥ ሲል ይገናኛል፣ ሲታጠፍ ይለያል። ስለዚ እሷ መብራት ስትመለስ "ያው የድሮው ነው፣ አልሰሩትም" ማለት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፣ አርጅቶ የመጣ መኪና ላይ ሁለት የተለያየ ምክንያት ተከታትሎ ሊመጣ ይችላል፣ ይሄን የሚለየው ደሞ የተጻፈ ኮድ ብቻ ነው። የኮዱን ወረቀት ጠይቁ፣ ፎቶ አንሱት። ተራው ርካሽ ስካነር ብዙ ጊዜ የሞተር ኮድ ነው የሚያነበው፣ የኤርባጉን አያይም፣ "ምንም ኮድ የለም" ሲሏችሁ በምን እንዳነበቡት ጠይቁ።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ፣ የደከመ ባትሪ፣ ከፊት ፓራውልቱ አካባቢ ያለ የግጭት ሴንሰር ውሃ ገብቶበት፣ የተሳፋሪው ወንበር ውስጥ ያለው የሰው ክብደት የሚለየው ሴንሰር። ኮምፒውተሩ ራሱም ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ማርሹ አካባቢ ወለሉ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ልጆች መጠጥ የሚያፈሱበት ቦታ ማለት ነው።

እቤት ራሴ ልፈታው ለሚል ሰው ግን እባክህ ተው ነው የምለው፣ በጣም። ባትሪው ቢነቀልም እንኳን ኮምፒውተሩ ውስጥ ኤርባጉን ለመክፈት የሚበቃ ኤሌክትሪክ ለጊዜው ይቀመጣል፣ ባትሪ በግጭቱ ቢቆረጥም እንዲሰራ ተብሎ ነው፣ ለዛ ነው ባለሙያዎቹ ነቅለው አምራቹ የጻፈውን ደቂቃ የሚጠብቁት። በተራ መልቲሜትር የኤርባጉን ጫፍ መለካት ደሞ ራሱ ሊያስፈነዳው ይችላል።

ሌላ ነገር፣ መብራቷ የማታየውም አለ። የታካታን ጉዳይ የሰማችሁ ትኖራላችሁ፣ ጃፓናዊው ኤርባግ አምራች። ጋዙን የሚያመነጨው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ለዓመታት ሲበላሽ ቆይቶ ግጭት ሲመጣ ከልክ በላይ ይፈነዳል፣ የብረት ቤቱ ተሰባብሮ ሰው ላይ ይረጫል። ሰዎች ሞተዋል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢንፍሌተር፣ ከረጢቱን በጋዝ የሚነፋው ክፍል፣ ይቀየር ተብሎ ተጠራ፣ ኩባንያው በ2017 ኪሳራ አወጀ። እነዛ መኪኖች ላይ መብራቷ አልበራችም፣ ምክንያቱም እሷ የምትፈትሸው ኤሌክትሪኩን ነው፣ ባሩዱን አይደለም። ስለዚ የሻሲ ቁጥራችሁን፣ 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን፣ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሰራ ሪኮል፣ አምራቹ መኪናው ተመልሶ ይስተካከል ብሎ ያወጣው ጥሪ፣ ካለ እዩ። እኛ አየን፣ ደቂቃ አልፈጀም።

ያገለገለ መኪና ለምትገዙ ደሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሞተር ስታስነሱ መብራቷ ጭራሽ ካልበራች አትደሰቱ፣ ያ የባሰ ነው። ተጋጭቶ ኤርባጉ የወጣ መኪና ላይ አዲስ ከመግጠም ይልቅ መስመሩ ላይ 2 ኦም ገደማ ሬዚስተር ሰክተው ኮምፒውተሩን የሚያታልሉ፣ ወይ መብራቷን ራሷን የሚነቅሉ ሰዎች አሉ። ሽፋኑ ያምራል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ይሄን የሚያደርግ ሰው ማን እንደሚቀመጥበት ያውቃል፣ እኔ ይሄን ለማለት ሌላ ቃል አላገኘሁለትም፣ ወንጀል ነው።

አሁን እኛ ቤት መብራቷ ከበራች ተሰርቶ እስኪመለስ ልጆቹ በዛ መኪና አይሄዱም፣ ተስማምተናል። የግድ መሄድ ካለብን ሁሉም ቀበቶ፣ ልጆቹ ከኋላ፣ ሹፌሩ ደረቱ ከመሪው ቢያንስ 25 ሳንቲም ራቅ ብሎ። ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የሚቀመጥ የሕፃን ወንበር ደሞ ኤርባግ ካለበት የፊት ወንበር ላይ በፍጹም፣ "መብራቱ በርቷል አይሰራም" ብላችሁም አታድርጉት፣ በየትኛው ሰዓት ተመልሶ እንደሚገናኝ አይታወቅማ።

እናንተ ጋ የምትመላለስ መብራት ካለች ኮዷን ከነምልክቷ ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ መቼ እንደምትበራም ጨምሩበት፣ ለሰውየው አሳያቸውና የሚሉኝን በሚቀጥለው አነብላችኋለሁ። ደህና ቆዩ።