ቪክቶሪያ ስፖንጅ፦ ስሙ የንግሥቲቱ፣ ሙያው የኬሚስቱ

(በምስሉ፦ በነጭ ሳህን ላይ ኬክ፣ ጎኑ ላይ ቀይ ማርማላታ ይታያል)

ሁለት ክብ ኬክ፣ መሃሉ ማርማላታ፣ ከላይ ስኳር ነስነስ። አለቀ። ይህ ቪክቶሪያ ስፖንጅ ነው፤ የእንግሊዞች የከሰዓት ሻይ ባለሟል።

ስሙ የንግሥት ቪክቶሪያ ነው። አዎ፣ አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ልከውላቸው መልሱ የውሃ ሽታ ሆኖ የቀረባቸው ንግሥት። በእሳቸው ዘመን የመኳንንቱ እራት እየመሸ ሄደና ከሰዓት በኋላ ሆድ መሞርሞር ጀመረ። በ1840 እ.ኤ.አ. አካባቢ የቤድፎርዷ ዱቼስ አና ሻይና ቀለል ያለ ምግብ ማስመጣት ጀመሩ ይባላል። ልማዱ ተዛመተ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ባለውለታው አልፍሬድ በርድ የተባለ የበርሚንግሃም ኬሚስት ነው። ሚስቱ እርሾ አይስማማትም ነበር። በ1843 ያለ እርሾ ሊጥ የሚያስነሳ ዱቄት ሠራላት፤ ዛሬ ቤኪንግ ፓውደር የምንለውን። ከዚያ በፊት ስፖንጅ የሚነሳው በተመታ እንቁላል ነበር። እንቁላሉ ብቻውን ግን እንደ ቪክቶሪያ ስፖንጅ ቅቤ የበዛበትን ሊጥ ማንሳት ይከብደዋል።

(በምስሉ፦ ሚዛን ላይ እንቁላል)

ወደ አሠራሩ። እንቁላሎቹን ከነቅርፊታቸው መዝኑ። ቅቤው፣ ስኳሩና ዱቄቱ እያንዳንዳቸው ያንኑ ያህል ይሁኑ። 4 እንቁላል ከሆነ ወደ 225 ግራም ነው።

የገበታ ቅቤው ይለስልስ እንጂ አይቅለጥ። ከስኳሩ ጋር ነጣ እስኪል ምቱት። እዚህ ላይ መቸኮል የለም! የስኳሩ ቅንጣት ቅቤው ውስጥ ጥቃቅን የአየር አረፋ ያስገባል። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ በዋናነት ያንን አረፋ ነው የሚነፋው። አየር ካላስገባችሁ ምኑን ይንፋው?

እንቁላሉን አንድ በአንድ ጨምሩ። 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበትን ዱቄት መጨረሻ ላይ በቀስታ አዋህዱ። ከዚህ በኋላ መምታት ኬኩን ጠጣር ያደርገዋል። ለሁለት ባለ 20 ሳንቲሜትር ክብ የኬክ መጋገሪያ አካፍሉና በ180 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ ያህል ጋግሩ።

የእንግሊዝ የሴቶች ማኅበራት የኬክ ውድድር ላይ ዳኞቹ ቀልድ አያውቁም። መሃሉ የራስቤሪ ማርማላታ ብቻ፤ ክሬም የለም። ከላይም ደቃቅ ስኳር እንጂ ፓውደር ስኳር አይሆንም። የማቀዝቀዣው ሽቦ ኬኩ ላይ መስመር ከጣለ እንኳ ነጥብ ይቀንሳሉ።

እኔ ክሬም አደርግበታለሁ። ዳኛ ቤቴ አይመጣም።