ብልቃጥ ውስጥ ያለው ጭቃ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ታዳሚዎች!

ይዤ የመጣሁት ብልቃጥ ውስጥ ጭቃ ነው ያለው። አትሳቁ። ከትናንት ወዲያ ስንጠው ድፍርስ ውሃ ነበር። አሁን ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ሦስት ንብርብር ሆኗል።

አፈራችሁ ከምን ከምን እንደተሠራ የሚያሳይ ሙከራ ነው፤ አሠራሩም ቀላል ነው። ጠጠሩና ሥራ ሥሩ የተለቀመ አፈር እስከ ብልቃጡ ሲሶ ጨምሩ። በውሃ ሙሉትና ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አክሉበት። ሳሙናው የተጣበቁትን ቅንጣቶች ያላቅቃቸዋል። ክዳኑን አጥብቃችሁ ደህና አድርጋችሁ ናጡት፣ ከዚያ አስቀምጡት። በቃ፣ አትነካኩት! በአንድ ደቂቃ ገደማ ታች የሚተኛው አሸዋ ነው። ደለሉ በሁለት ሰዓት አካባቢ ይከተላል። ሸክላው ግን ቸኩሎ አያውቅም። ቅንጣቱ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ስለሚያንስ አንድ ቀንም ከዚያ በላይም ሊንሳፈፍ ይችላል። ሲረጋ በማስመሪያ ለኩት። ከ10 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ አሸዋው 4 ከሆነ፣ በግርድፉ 40 በመቶው አሸዋ ነው ማለት ነው።

ይህን ለመጠበቅ ትዕግሥት የሌለው ሰው ጣት አለው። አፈሩን አርጥባችሁ እንደ ሊጥ እሹት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል እየገፋችሁ እንደ ሪባን አውጡት። 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተበጠሰ ሸክላው ትንሽ ነው። 5 ካለፈ ሸክላ የበዛበት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ይሄኛውን ነው የምወደው።

አሁን ያፈርኩበትን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ደረቅ አፈር ላይ አቼቶ ጠብ ሳደርግ አረፋ ደፈቀ። አሲድ ካርቦኔት ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ የኖራ ድንጋይ ደግሞ ካርቦኔት ነው። «አፈሬ ኖራ አለው!» ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። በሳምንቱ በማጉያ መስታወት ሳየው ጉዴ ወጣ። አፈሩን የዘገንኩት ከግድግዳ ሥር ነበር። መሀሉ ላይ ነጫጭ የልስን ፍርፋሪ ተሰግስጎበታል። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብዬ ስሞክረው፣ ጸጥ!

ከዚያ ወዲህ ከአንድ ቦታ ዘግኜ አላውቅም። ከአምስት ስድስት ቦታ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሬ፣ በንጹሕ ባልዲ እቀላቅላለሁ።

አረፋ ስላልወጣ ብቻ ደግሞ አፈሩ አሲዳማ ነው አትበሉ። ለእሱ ፒኤች፣ ማለትም ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ የሚበዛበትን ልኬት፣ ማየት ያስፈልጋል። አፈሩን በተጣራ ውሃ በጥብጡና አጥልሉት፤ የቀይ ጥቅል ጎመን ጭማቂ ጨምሩበት። ወደ ሮዝ ከሄደ አሲድ፣ ወደ አረንጓዴ ከሄደ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው። የቁጥሯ ነገር ታሳስታለች፦ ፒኤች 5 ከ6 በ10 እጥፍ አሲዳማ ነው።

ሊድ የተባለውን መርዛማ ብረት ግን በአቼቶም በጎመንም አታገኙትም። አሮጌ ቀለም የተላጠበት ግድግዳ አጠገብ አትክልት የምትተክሉ ከሆነ፣ ናሙናውን ላቦራቶሪ ውሰዱት።

በሉ፣ ያመጣችሁትን አፈር አውጡ። ብልቃጡም ውሃውም ጠረጴዛው ላይ አለ። ከግድግዳ ሥር የዘገነ ካለ ቀድሞ ይናገር።