ጣሪያ ሲወርድ ግድግዳው ለምን ይወድቃል?

ሰላም ናችሁ ቤተሰቦች! ዛሬ ደሴ፣ ፒያሳ ነን። ከኋላዬ ያለው የድሮ የድንጋይ ግንብ ሱቅ ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ሊወርድ ነው።

ሰኞ ገበያ አህያ ሲራገፍ አይታችኋል አይደል? በግራ ጆንያ፣ በቀኝ ጆንያ፣ ላዩ ላይ መጫኛ። አንዱን ጆንያ ብቻውን ብታወርዱት ምን ይመጣል? ሌላኛው ይከብዳል፣ ኩርታኑ ወደ ሆዷ ይዞራል፣ አህያዋ ትንገዳገዳለች። ስለዚህ ባለቤቱ ሰው ይጠራል። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ፣ «ያዝ!» ተባብለው እኩል ያወርዳሉ። እኩል! ጣሪያም እንደዚሁ ነው፤ ሁለቱም ጎን እኩል ይራገፋል።

ባለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ «ጣሪያው ሲነሳ ግድግዳው ሸክሙ ይቀልለታል፣ እንዲያውም ይጠነክራል» ብላችኋል። ኧረ በፍጹም! ግንብ ከላይ ሲጫኑት ይችላል። የማይችለው ከጎን ሲገፉት ነው። በደንብ የታሰረ ጣሪያ የግድግዳውን አናት ይይዝለታል። ሲነሳ ግድግዳው በሥሩ ብቻ ይቆማል፤ ያው ንፋስ፣ ያው ግድግዳ፣ የሚያጎብጠው ጫና ግን ከላይም ከታችም ተይዞ ከነበረበት እስከ 4 እጥፍ ይደርሳል። 4 እጥፍ! ደግሞ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ከደሴ በስተደቡብ ያለችውን ካራ ቆሬን የመታውን የመሬት መንቀጥቀጥ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። «ቀለለለት» የምትሉት ግድግዳ ሥር ሰው ያልፋል፣ እባካችሁ!

እሺ፣ አሠራሩን ቶሎ ቶሎ ልበል፣ መሠረታዊ ነገሩን ታውቁታላችሁ። መብራቱ ከፖሉ ይቆረጥ። ግድግዳው፣ በተለይ ከጣሪያው ሥር ያለው ሦስት ማዕዘን የግድግዳ አናት፣ ሰያፍ ድጋፍ ይግባለት። ካፕሪያታዎቹ፣ ማለትም ጣሪያውን የሚሸከሙት ባለሦስት ማዕዘን የእንጨት ማዕቀፎች፣ እርስ በርስ ይታሰሩ። ከዚያ ኮልሞ (የጣሪያው አናት መክደኛ)፣ ቆርቆሮ ከሁለቱም ጎን እየተፈራረቀ፣ ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት አግድም እንጨት)፣ መጨረሻ ላይ ካፕሪያታ አንድ በአንድ ይውረድ። የወለቀ ቆርቆሮ እዚያው ጣሪያ ላይ አይከመር። የደህንነት ገመድ ከሚነቀል ሞራሌ ጋር አይታሰር።

ካሜራውን ጠጋ አድርጉልኝ። ይህ ብርሃን ማስገቢያ ፕላስቲክ ነው። አቧራ ሸፍኖት ከቆርቆሮው አይለይም፤ ፀሐይ አድርቆታል፣ በጣት ስጫነው ይሰነጠቃል። እግር ካረፈበት ሰውዬውን ይዞ ይወርዳል። ከውስጥ ሆናችሁ የት የት እንዳለ እዩ፣ ከላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጉበት። ይህን ሳትጨርሱ ማንም አይውጣ!

ሥራውን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያዙት። በጭቃ የተገነባ ግንብ በአናቱ ዝናብ ከጠጣ ማያያዣው ይታጠባል። ድጋፉ አዲሱ ጣሪያ እስኪታሰር አይነካ። ድጋፍ እንዴት እንደሚቆም በሚቀጥለው ቪዲዮ ኮምቦልቻ ላይ አሳያችኋለሁ፤ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ለአናጢዎቻችሁም ላኩላቸው።