ባለጌ ጎረቤት ያስፈልገናል

ውድ ተመራቂዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «አጭር የእንኳን ደስ አላችሁ ንግግር» ብለው ነው የጠሩኝ። እንኳን ደስ አላችሁ። ይኸው፣ አጭር ነው። አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻ ፈተናችሁን ሳርም ነበር። የመጪ ራውት ማጣሪያውን ጥያቄ፣ ጎረቤት ኔትወርክ ከሚልክልን የመንገድ ማስታወቂያ የቱ ይግባ የቱ ይመለስ የሚለውን፣ አትረሱትም። ሁለት ራውተር፣ በመሃላቸው ቢጂፒ፣ ኔትወርኮች መንገድ የሚነጋገሩበት ቋንቋ። የአንዱ ኔትወርክ ቁጥር 65001፣ የሌላው 65002። ከጎረቤት የአድራሻዎቹን ክልል 203.0.113.0/24ን ብቻ ተቀበሉ፣ ሌላውን መልሱ። ሁላችሁም ለማለት ይቻላል፣ የራውቲንግ ቴብሉን፣ የመንገዶቹን ሠንጠረዥ፣ ስክሪንሾት ለጥፋችሁ «ሠርቷል» ብላችሁ ጻፋችሁ። ራውቱ ገብቷል፣ አልካድኩም። ግን ጎረቤታችሁ የላከው እሱኑ ብቻ ነበር! ማጣሪያው ኖረም አልኖረም የሚታየው ያው ነው። ዘበኛ ቀጠራችሁ፣ የቤቱን ልጅ ሲያስገባ አያችሁ፣ «ጎበዝ ዘበኛ» ብላችሁ አመሰገናችሁት።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ማጣሪያውን የጻፋችሁት በላኪው ራውተር ላይ፣ በወጪ አቅጣጫ ነው። ውጤቱ ከተቀባዩ ወገን ሲታይ አንድ ነው። በመለማመጃው ላብ ውስጥ ሁለቱም ራውተር የእናንተ ስለሆነ ያምራል። እውነተኛው ሥራ ላይ ግን የጎረቤት ራውተር የይለፍ ቃል የላችሁም።

ይህን ስል እኔ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ከፊታችሁ ካሉት አሰልጣኞች ሁለቱ ታሪኩን በቃላቸው ያውቁታል፤ ይታገሡኝ።

ፕሪፊክስ ሊስት፣ የሚፈቀዱ አድራሻዎችን ዝርዝር፣ ጻፍኩ። ሰዓቱን ወስጄ፣ መስመር በመስመር። ስሙን ስሰጠው የመጀመሪያዋን ፊደል ትልቅ አደረግኳት። ጎረቤቱ ላይ ሳስረው ግን በትንሿ ጻፍኳት። ለራውተሩ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ያ ራውተር ደግሞ የታሰረለት ዝርዝር ከሌለ ሁሉን ያሳልፋል። አይጮህም፣ አያስጠነቅቅም፣ ዝም ነው። ላብ ውስጥ ሞከርኩት። የሚፈለገው ራውት ገባ። «ተፈትኗል» ብዬ ፈረምኩ። ሌሊቱን ወደ እውነተኛው ኔትወርክ ገባ።

ሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ። ለምን? ጎረቤታችን ጨዋ ስለነበር ነዋ! ከዚያ አንድ ቀን ከወዲያኛው ወገን አንድ ሰው ተሳስቶ ዲፎልት ራውት፣ ሌላ መንገድ ያልተጻፈለት ትራፊክ ሁሉ የሚሄድበትን፣ ላከልን። የእኛ ዲፎልት በኦኤስፒኤፍ፣ በቤት ውስጥ ራውተሮቻችን በሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል፣ የሚመጣ ነው፤ የታማኝነት ቁጥሩ 110። የሱ በውጭ ቢጂፒ ነው የመጣው፤ 20። ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል። ከቤታችን የሚወጣው ትራፊክ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወደዚያች ቀጭን መስመር ሄደ።

እኔ ምን አደረግሁ? ኬብል ፈተሽኩ። ፖርት ቀየርኩ። ጎረቤት ጋ ደውዬ ጮህኩ። ሰውዬው በትሕትና «ይቅርታ፣ የኛ ጥፋት ነው፤ ግን እናንተ ጋ ማጣሪያ የለም እንዴ?» አለኝ። «አለ እንጂ! ተፈትኗል!» አልኩት በኩራት። ከሁሉ በኋላ ያየሁት ነገር ቢኖር ማጣሪያውን ነው። ያሳወረችኝ ያቺው «ተፈትኗል» የምትል ቃል ናት። ያን ቀን ባልፈርም ኖሮ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነበር።

የእኔው ጥፋት ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 የሆነውን ታውቃላችሁ። ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገር ውስጥ ለመዝጋት ብሎ 208.65.153.0/24ን አወጀ። የዩቲዩብ የራሱ ማስታወቂያ 208.65.152.0/22 ነበር። ከ/ በኋላ ያለው ቁጥር ሲበልጥ ክልሉ ይጠባል፤ ጠባቡ ሰፊውን ያሸንፋል። ጥፋቱ ግን የላኪው ብቻ አልነበረም። ከላይ ያለው አገናኝ ድርጅት፣ ፒሲሲደብሊው፣ ሳያጣራ ተቀብሎ ለዓለም አስተላለፈው። ዩቲዩብ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ጠፋ። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1997 ኤኤስ 7007 የተባለው ኔትወርክ ተመሳሳይ ትምህርት ከሰጠን ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። አሥራ አንድ ዓመት!

እና እኛ ዛሬም መመሪያዎቻችን ላይ «ራውቱ መግባቱን አረጋግጥ» ብለን ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እናልፋለን። መግባቱን! የማጣሪያ ሥራ ማስገባት ሆነ እንዴ? ከፊቴ ለተቀመጣችሁ አሰልጣኞች ነው የምናገረው፣ ለራሴም ጭምር። ላብ ብለን የምንጠራው ክፍል ማንንም በላብ አያጠምቅም። ጎረቤቱን ጨዋ አድርገን ሠርተን፣ ተማሪውን «ጎበዝ» እያልን ወደ ባለጌ ዓለም እንልከዋለን!

የምፈልገው ባለጌ ጎረቤት ነው። ከተፈቀደው ጋር ዲፎልቱን ይላክ። ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ የተተወውን 10.0.0.0/8ን ይላክ። የራሳችሁን አድራሻ መልሶ ለእናንተው ይላክ። የተፈቀደውን 203.0.113.0/24 ለሁለት ሰንጥቆ አንዱን ግማሽ በ/25 ይላክ። ይህን ለማድረግ እውነተኛ ኔትወርክ አያስፈልገውም፤ ወደ ነል፣ ወደ የትም፣ የሚጠቁም ስታቲክ ራውት በእጅ ጽፎ በቢጂፒ ማወጅ ይበቃል። ወጪ ማጣሪያ አይኑረው፣ ክፍት ይሁን። ከዚያ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ተመልከቱ፦ የተላከውንና የተቀበላችሁትን። አምስት ተልኮ አንድ ከገባ፣ ያኔ እናወራለን። ከዚያ ማጣሪያውን ፍቱትና አምስቱም ሲገቡ እዩ። አስቆሚው እሱ መሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው።

በነገራችን ላይ፣ /25 አልፎ ከገባ ጠባቡን ቁራጭ ሁሉ የሚያስገባውን «እስከ 32» የሚለውን ማጣሪያው ላይ ጨምራችኋል ማለት ነው። «ለማንኛውም» ብላችሁ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

ሁለት ነገር በአጭሩ፤ ሰዓቴን እያሳዩኝ ነው። ብዙ ራውተር ላይ አዲስ ማጣሪያ ስትጽፉ ቀድሞ የገባው ራውት አይወጣም፤ ራውት ሪፍሬሽ ጠይቁ፣ ጎረቤት ራውቶቹን እንደገና ይላክ። ኦኤስፒኤፍ ላይ ደግሞ መጪ ማጣሪያ ከራሳችሁ ራውቲንግ ቴብል ብቻ ነው የሚያግደው። መረጃው ዳታቤዙ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወደ ሌሎቹም ያልፋል። እሱ ላይ ሌላ ቀን እንጣላለን።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 8212፣ ከውጭ ጎረቤት ጋር ፖሊሲ ካልተጻፈ ምንም ራውት አይግባ፣ አይውጣ ይላል። ጥሩ ነው። ግን የተጻፈው ፖሊሲ ትክክል መሆኑን አይመረምርላችሁም።

ሰርተፊኬታችሁ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ማንም አይከለክላችሁም። ነገ ጠዋት ግን ላቡ ውስጥ ሦስተኛ ራውተር አበራለሁ። ስሙን «ባለጌ» ብዬዋለሁ፤ ምን እንደሚልክ አልነግራችሁም። የፈተናውን ማጣሪያችሁን ይዛችሁ ኑ። አሰልጣኞችም ጭምር።

አመሰግናለሁ።